ሰባቷ አንድ ሆና

ጥር ላይ ነው የጻፍኩት፣ በቆርቆሮው በር ላይ፣
«የሚሸጥ ቤት» ብዬ፣ ከመንገድ እንዲታይ።
ስልኬንም ከሥሩ በቀይ ቀለም ሳልኩት፣
መጨረሻው ሰባት፣ አስረዝሜ የጣልኩት።

ደላላው ጋሻነው «ፋሲካን አይሻገርም» ሲል ነገረኝ፤
ፋሲካም ተሻገረ፣ ክረምቱ ደረሰብኝ።

የሚመጣውማ ይመጣል፤
እንደ ግንቡ ጎብኚ አንገቱን ሰብሮ ጣራ ያያል፣
ግድግዳውን በጣቱ መትቶ ያዳምጣል፣
ፎቶ ያነሳል፣
«እደውላለሁ» ብሎ ቁልቁል ወደ አንገረብ ይወርዳል።

እህቴ ከመተማ፣ «ሳንቲም እንዳትቀንሺ»፤
አስረስ ከሐዋሳ፣ «ጊዜው ነው፣ ታገሺ»፤
ትንሹማ ድርሻውን ሳይቀበል በልቶታል፣
ለባጃጅ ቀብድ፣ ለሠርጉ ዳስ ቆጥሮታል።
ጣራው ግን አይታገሥ፣ ያንጠባጥባል ጓዳ፤
የአባት ውርስም ሳይሸጥ ሲቆይ ይመስላል ዕዳ።

ከሰኔ ጀምሮ ስልኬ ዝም አለ።
«ገበያው ሞቷል» አልኩ፤
ጋሻነውም «ነፍሱን ይማር» ብሎ ተቀበለ።

ነሐሴ ማለቂያ፣ በጭጋጉ መሀል «ቤቶች!» የሚል ሰማሁ፤
«ቤት ለእንግዳ» አልኩኝ በልማድ፣ ነጠላዬን ስቤ ወጣሁ።
እንዳላማው ይባላል፤ ማራኪ ላይ የአንድ ፎቅ ዘበኛ፣
ብረቱ ሰማይ የሚወጋ፣ ማለቅ የማያውቅ ፎቅ፣
እሱ ከሥሩ፣ በላሜራ ጎጆ የሚተኛ።

«እትዬ፣ የእርስዎን ሰባት ዝናብ በላት» አለኝ፤
«ክንፏ ታጥቦ ሄዶ አንድ ሆና ቀረች፣
ያቺ አንድ ደግሞ የእኔ ስልክ ላይ አለች።
ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቤትዎ ጠየቁኝ፤
እኔም፣ ይቅር ይበሉኝ፣
‹ተሳስታችኋል› ማለት አቃተኝ።
በዕድሜዬ ‹ቤትህ ስንት ነው?› ያለኝ ሰው የለም፤
እስኪ ባለቤት ልሁን አልኩ፣ ለአፍ አይከለከልም።

በሰፈር የሚወራውን ዋጋ ስነግራቸው ዘጉብኝ።
ሩቡን ቀነስሁ፤ ‹ላማክር› አሉኝ።
ግማሹን ጣልሁ፤
እዚያ ላይ አንዷ አለቀሰችብኝ።
ከዚያ በኋላ መሸጡን ትቼ መጠየቅ ያዝሁ።»

ከኮቱ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣ፤
ስም፣ ሥራ፣ የወር ኪራይ፣ አቅም፣ በመስመር በመስመር፣
አጻጻፉ እንደ ልጅ፣ ግን አንድም ቁጥር ያልጠፋበት ደብተር።

ነርስ አለች፤ የደመወዟ ግማሽ የአከራይ ነው።
ሸማኔ አለ፤ መወርወሪያው ሲሄድ ግድግዳ የሚመታ፤
ባልና ሚስት መምህራን፣ ተጋብተውም በየደባላቸው፣
ቅዳሜ ብቻ የሚገናኙ፣ ለዚያውም ከሰዓት እስከ ማታ።
በአምስት ዓመት ሰባት ጊዜ ዕቃዋን በጋሪ የጫነች፣
«ቁም ሳጥኔን ከእንግዲህ አልገጥመውም» ያለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አንድ እንኳ ግማሹ ላይ አልደረሰም።
ሐሙስ ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ አለ፣ አነበዋለሁ፤
‹ፈላጊ የለም፣ ገበያው በርዷል› ይሉናል፤ ፈላጊ አልጠፋም።
ግጥም እንኳ ቤት ይመታል፣ እትዬ፤
እኛ ነን መንገድ የቀረን።»

ሐሙስ ሄድሁ። ከኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ ተቀመጥሁ።
ሰብሳቢው «ከአጀንዳ ውጭ ነው» አለ፤
እሱ ግን ማንበብ ቀጠለ።
አሥራ ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ፤
በስልኩ ብርሃን ደብተሩን አስጠግቶ ወረደ፣
ነርሷን፣ ሸማኔውን፣ ባለ ቁም ሳጥኗን።
ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳ።
«አዎ፣ የሚሸጥ ነው» አለ። «የት ተከራይተሽ ነው?
ቆይ፣ እስክሪብቶ ላንሳ።»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ፤
የእኔ ቤት መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፣ ከእሱና ከእኔ ወዲያ።

ዛሬ ጳጉሜን ሁለት ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች።
ቀይ ቀለም አስበጥብጬ በሩ ፊት ቆሜያለሁ፤
ለሰባቷ ክንፍ አንድ ጭረት ትበቃለች።
ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንዘረዘራል፤ እህቴ ናት፣
«ተሸጠ?» ልትለኝ ነው፣ እንደ ትናንት።
እጄን አንስቻለሁ።
ቀለሙ ከብሩሹ እየተንጠባጠበ ነው፣
እንደ ጓዳው ጣራ፣
ጠብ፣
ጠብ።