ነፋሱን አታጥፋው

የመጀመሪያዋ ፊልም አራት ደቂቃ ነበረች፤
የአባቷ እጆች፣ ገመድ፣ የዛገች በር፣ አለቀች።
ኔቪያ ካሜራውን ባትክልት ነጋዴ ጋሪ ጭና
የትሪየስቴን ቁልቁለት ስትወርድ፣ በፍሬን ፈንታ በእኔ ተማምና፣
እኔ ድምፅ ቀጂው፣ ባንድ እጄ ጋሪ፣ ባንድ እጄ የማይክራፎን ዘንግ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከአምባው ወርዶ
እንደ ተሰጣ ልብስ ሲያራግበን።

ሁለተኛዋ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛዋ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።
አንዷን ሠላሳ ሰው አየላት፣ ከካፌ ምድር ቤት፣ በፕላስቲክ ወንበር፤
አንዷን ዳኞቹ "ልብ ትነካለች፣ ግን..." ብለው መለሷት፤
ከ"ግን" በኋላ ያለውን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።
ቀን የሰው ሠርግ ትቆርጣለች፣ ሌት የራሷን ሐዘን።
"እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል" ብዬ አንድ ማታ ብተርትላት፣
"እግር እስኪያወጣስ" አለች፣ "የቤት ኪራዩን ማነው የሚከፍልለት?"

አጭር ፊልም፣ ትላለች፣ የሰው ደጅ ደርሶ
ደወል ደውሎ መሮጥ፤
ረጅሙ ግን መግባት ነው፣ ወንበር ስቦ መቀመጥ፣
ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ካባት ጋር መፋጠጥ።

እሱ ደግሞ፣ ሊቪዮ፣ ሠላሳ ዓመት ከክሬን ጫፍ ብረት ሲያነሳ የኖረ፣
"እጄን ውሰጂ፣ ፊቴን ተዪልኝ" እያለ ስምንት ዓመት አስቸገረ።
ጽሑፏ ስድስት ጊዜ ተቀደደ፤
ገንዘቡ ከሦስት መሥሪያ ቤት በጠብታ መጣ፣ ባንድ ሳምንት ነጎደ።
በመጨረሻው ቀን፣ በኅዳር፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ሳንጠራው መጥቶ ተቀመጠ፤
መብራቱን ሽሽት ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆይቶ ገለጠ።
ነፋሱ መስኮቱን ይዞ ይነቀንቃል።
እጄን አነሳሁ፦ ድምፁ ተበላሸ፣ ይቁም!
ኔቪያ ራሷን ነቀነቀች።
ሰባት ደቂቃ። አንድ ቃል አልወጣውም።

የብርዱን ወራት ነፋሱን ከፊልሙ ሳጥብ ከረምኩ፤
እዚያ ቦታ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፦
"አታጥፋው። እሱ ነው የሚናገረው።"
ነፋሱን ይሁን አባቷን፣ አልጠየቅኳትም።

ዘጠና አራት ደቂቃ ሆነ።
በሰኔ፣ ወደቡ አጠገብ ባለች ጠባብ ሲኒማ
ሰው በላብ ተጠምቆ፣ ፕሮግራሙን ማራገቢያ አድርጎ ተቀመጠ።
ሊቪዮ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ያ ቦታ ሲደርስ
አንገቱን አዙሮ የትኛው መስኮት እንደ ተከፈተ ፈለገ፤
ከዚያ የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።