ቁጥር አሥራ ሰባት

ከሱምቢንግ ተራራ ጉሙ ወረደና፣
መስኮቱን ሸፈነው፤ ክፍሉ ጨለመና፣
አርባ ሁለት ወረቀት አደልኩኝ በተራ።
"ስም አይጻፍም" አልኩኝ፣ "ማንም እንዳይፈራ።"
ይህን ስል ደረቴን ቆረቆረኝ ፓኮ፤
አርባ ሁለቱም ልጆች ያውቁታል እኮ።

ማታ፣ ከራት በኋላ፣ አንድ ባንድ ገለጥኩት።
"ዕውቀት" የሚለውን ሁሉም ደፈኑት፦
"ሳንባ ይጎዳል ወይ?" — "በደንብ ይጎዳል።"
"ልብንስ?" — "ልብም ጭምር።" "ይገድላል?" — "ይገድላል።"
እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ባንድ ትንፋሽ ወርዷል።
"አመለካከት" ላይም ማንም አልተሳሳተ፤
"አጫሽ ምን ይመስላል?" — "አፉ የሸተተ።"

"ልማድ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን፣ ብዕሩ
መንገድ እየሳተ ሄደ ወደ ዳሩ።
ጉንቱር መሆን አለበት፣ በዚያ ጎባጣ ፊደሉ፣
ከ"ይገድላል" በታች እንዲህ ይላል ቃሉ፦
"በቀን ሦስት ፍሬ። ሲዘንብ ግን አራት።
ቅርንፉዱ ጠሽ ሲል ይለቀኛል ፍራት፣
ሒሳብ ካለን በተለይ።
ቡ ካርሚ ከበሩ ዳር በነጠላ ትሸጣለች፤
ዕድሜ አትጠይቅም፤ በዱቤም ትሰጣለች።"
ወረቀቱን አሸተትኩ፤ አልዋሸም ልጁ፤
ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል የያዘው እጁ።

ቁጥር አሥራ ሰባት፦ "አጭሰው ያውቃሉ?"
"አዎ" እና "አይ"፤ ሁለት ክቦች ብቻ አሉ።
አንዷ ሁለቱንም ባዶ ትታቸዋለች፤
ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባ ጽፋለች።
ስም የለም። ግን ለእኔ ስም ምን ይሠራል?
የዊናርሲህን ጽሕፈት ዓይኔ ለይቶ ያውቃል።

"አላጨስኩም፣ መምህር፤ ከንፈሬን አልነካም።
ግን ነሐሴ ሲመጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሳይሞቅም፣
ጤዛ ያዘለውን ቅጠል ስንለቅም፣
እርጥቡ በሸሚዜ ዘልቆ ይገባና
ምድር ይዞርብኛል፤ እጎነበስና
አስመልሳለሁ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ገና።
ጥቁሩ ሙጫ ከጥፍሬ በሳሙናም አይለቅ።
'ትለምጂዋለሽ' ትላለች እናቴ ስትስቅ።
የዘንድሮ ክፍያዬን፣ ይህንንም እስክሪብቶ፣
አባቴ ነው የገዛው፣ ያንን ቅጠል ሽጦ።
እና የቱን ላክብብ?"

ሃያ ዓመት አስተምሬ
እንዲህ ያለ ፈተና አላረምኩም እስከ ዛሬ።
መስኮቱን ብከፍተው፣ በቀርከሃ ሰሌን
የተሰጣው ትንባሆ ሽታው ወሰደኝ እኔን፤
ማር ማር ይላል በሌሊት።

አንድ ቅጽ ተርፎ ነበር። ብዕሬን አነሣሁ።
ቁጥር አሥራ ሰባት። "አዎ" ላይ ክብ ሠራሁ።
"ማን አስጀመረዎት?" — እዚያ ላይ ተገታሁ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ፤ ገዢ የሚመጣ ለት፣
አባቴ ካዲሱ ምርት ጠቀለለ አንዲት፤
ለኩሶ አቀበለኝ፦ "እስቲ ሳባት፣ ልጄ፤
ምላስህ ዋጋ ይቁረጥላት።" ኮራሁ። ተንቀጠቀጠ እጄ።

በማግስቱ ዊናርሲህ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ዓይኗ ደረት ኪሴን ነው፣ እኔን አይደል የሚያይ።
ፓኮውን እቤት ትቼው ነበር የመጣሁት።
ግን ኪሱ፣ ሸሚዙ ስንት ዓመት የለበስኩት፣
ቅርጹን እንደያዘ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ባዶ።