ሁለት ጣት መስኮት

አዘዞ፣ ቁራሌው ግቢ፣ ከብረት ክምር ሥር፣
ሁለት ማሞቂያ አገኘን፣ አቧራ ለብሶ ሲያድር፤
ከወታደር ካሚዮን ተነቅሎ የወጣ፣
በጨረታ ተሽጦ እዚህ ድረስ የመጣ።
ሆዱ ላይ ጽሑፍ አለ፣ በማናውቀው ፊደል።
አዛናው ዳበሰና፣ «ናፍጣ ይጠጣል ይላል፤
የቀረው ምን ያደርጋል?»

መኪናውን ታውቁታላችሁ፤ ደባርቅ ስትወጡ፣
በሩ በገመድ ታስሮ ዳገቱ ላይ ሲያስል፣
«ወርዳችሁ ግፉ» ስትባሉ፣ ስትቆጡ።
ሃያ ሁለት ዓመት ነዳው። ጡረታ ሲወጣ
መኪናውም አብሮት ወጣ፤
በኪሎ ብረት ሒሳብ ከድርጅቱ ገዛው፣
ወንበሩን ነቃቅሎ አልጋ ዘረጋበት፣
ቡታጋዝ አስገባ፣ መደርደሪያ መታበት።
«ቤት ነው» አለ፣ «ጎማ ያለው ቤት፤
ሲያሻን ሊማሊሞ አፋፍ፣ ሲያሻን ጎርጎራ፣
ማን ይከራከረናል በኪራይ፣ በአጥር፣ በጎረቤት ዶሮ?»
«በዚህ ጉልበት» አለች እንጉዳይ፣ «በወገራ ብርድ፣
ቆርቆሮ ውስጥ ልተኛ? አይ ያንተ ጉድ!»

«ከሰል እናቀጣጥልላት» ያልኩት እኔ ነኝ።
ዞሮ አየኝ። ቁልፉን መሬት ላይ አኖረው።

«ዋሴ ይባል ነበር፣ ረዳቴ።
ከበሩ ተንጠልጥሎ 'ደባርቅ! ደባርቅ!' የሚል፣
ከሒሳብ አምስት ሳንቲም የማያጎድል።
አምባ ጊዮርጊስ መሸብን፤ ጎማ ፈነዳ።
እኔ ሰው ቤት አደርኩ፤ እሱ ዕቃ ሊጠብቅ
እዚሁ ቀረ፣ ከኋላው ወንበር፣
ከሰል በጣሳ ይዞ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ።
ሲነጋ በሩን ብመታ፣ ብመታ...»

የቀረውን አልነገረኝም። ቁልፉን አነሣና፣
«አሥራ ሦስት ቁጥር አቀብለኝ» አለ።

ወለሉን በሳነው። የጭሱን ቧንቧ ወደ ታች፣
ከበር አርቆ፣ ከመስኮት አርቆ፣ በሻሲው ሥር አሳለፈው፤
መጋጠሚያውን ሦስት ጊዜ አጠበቀ፣
የሳሙና አረፋ ቀባ፣ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፤
«እሱ ከተነፈሰ እኛ አንተነፍስም።»
ያንዱ ካንዴላ ተቃጥሏል፤ የሌላው ፓምፕ ደርቋል፤
ገጣጠምናቸው፤ ከሁለት ሙታን
አንድ ነፍስ ያለው አወጣን።

ከአየር ማስገቢያው ውስጥ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ወጣ፣
በእርሳስ የተጻፈበት፦
«ሻይ። አሥር አለቃ ጥጋቡ አራት። ሙላው ሁለት። እኔ ስድስት።»
«እኔ» ማን ነው? ወረቀቱ አይናገር።
በየትኛው ሌሊት፣ የማን መዳፍ ሞቆ ይሆን?
ዕዳውስ ተከፍሎ ይሆን?
አዛናው አጠፈው፤ ከፀሐይ መከለያው ሥር፣
ከድሮ ትኬት ጉርድ ጎን ሰካው።

ለናፍጣው ሁለት ቀን ተሰለፍን፤
ስንለኩሰው ነጭ ጭስ ተፋብን፣ አስነጠሰ፣ ጠፋ።
እንደገና። ጠቅ... አለ ፓምፑ። ጠቅ... ጠቅ...
ከዚያ ከሆዱ ጉርምርምታ ተነሣ፣
ሩቅ እንዳለ ወፍጮ።

ለሙከራ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። ሌሊት ነው።
ውጭው ውርጭ፤ የገብሱ ማሳ ነጥቷል።
እንጉዳይ ጋቢዋን ጣለች፤ ሹራቧን ጣለች፤
«ጎንደርም እንዲህ ሞቆኝ አያውቅ» አለች።
አዛናው ግን ተነሣ። ወደ ኋላ ሄደ፣
ያ ወንበር ወደነበረበት፤
መስኮቱን ከፈተው፣ ሁለት ጣት ያህል።
ብርዱ ሳያንኳኳ ገባ።
«አንተ ሰው! ናፍጣ በሰልፍ ገዝተህ
ወገራን ልታሞቅ ነው?»
ዝም አለ። ጠቅ... ጠቅ... ይላል ፓምፑ።
ጣቶቹን ከክፍተቱ አላወጣም።
«ወገራም ይሙቀው» አላት።