የዱቤ መዝገብ

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትከሻዬን ያጎበጠው
ካሜራ አይደለም፤ እሷን መከተል ነው።

ነጅዋ ትቀድማለች፣ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ፣
ያዳማ ንፋስ ይነሳል፣ ያሰበችውን ሊያስረሳ።
አዋሽ ሞልቶ ወንጂ ሲገባ፣ ሸንኮራው ውሃ ሲጠጣ፣
ጭቃ እስከ ጉልበቷ ውጧት፣ ድምጿ ግን ቀጥ ብሎ ሲወጣ፤
ሞጆ መንገድ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ ሾፌሩ ሲያለቅስ፣
ጥያቄዋን ትታ ውሃ ስትሰጠው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፤
አየሁ። ሁሉንም አየሁ፣ ባንድ ዓይኔ፣ ሌላውን ጨፍኜ፣
ያላየሁትን ደግሞ የሰማሁት ከጀርባዋ ሆኜ።

እሷ ሰው ትጠይቃለች፣ ሰው ደግሞ እሷን ይጠይቃል፦
«አገርሽ ወዴት ነው እቴ? መልክሽ ከሩቅ ይመስላል።»
«ፍራንኮ።» «አይ፣ ከዚያ በፊት?» «ከዚያ በፊትም ፍራንኮ፣
ከሱቅ ጀርባ፣ ከሩዝ ጆንያ አጠገብ ነው የተወለድኩ እኮ።»
ያባቷ አያት በጀልባ ከሐድረሞት መጥተው ይሆናል፤
የናቷ ወገን ግን ከቦሰት ሥር ነው። ይህን ማን ይጠይቃል?

ሙያውን የት ተማረች ብትሉኝ፣ ዩኒቨርሲቲ አልልም።
አቶ ሳልም ባሃሩን ዓይናቸው ማታ አያይም፤
ሱቁ ሊዘጋ ሲል የስምንት ዓመቷን ልጅ ባንኮኒ ላይ ያወጧታል፣
የዱቤውን መዝገብ ዘርግተው «በይ አንብቢ» ይሏታል።
«ወይዘሮ ኩለኒ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና።
ጋሽ ደቻሳ የባቡሩ፣ ላምባ፤ ያለፈው ወርም አለና...»
«አትቸኩዪ፣» ይሏታል፣ «ስም ሲነበብ በትሕትና።
ያበደርነው ስኳር ነው፤ ስሙን አልያዝንም በዋስትና።»

ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮው፣ መብራቱ፣ የምሽቱ ሁለት ሰዓት፣
ለኔ ያው መዝገብ ነበር፣ አገር ሙሉ ዕዳ ያለበት።

ገበያው የነደደ ለታ
ስልክ ተደወለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
የእሳት አደጋው መኪና ውሃ ጨርሶ ቆሟል፣
ቆርቆሮው እንደ ብራና ተጠቅልሏል።
ማይኩን ያዘች።
«ከተቃጠሉት ሱቆች መካከል፣» አለች፤ ምራቋን ዋጥ አደረገች፤
«የአቶ ሳልም ባሃሩን መደብር ይገኝበታል፣» አለች።
«አባቴ» አላለችም።
ስሙን በዝግታ አነበበች።

የተንቀጠቀጠው የኔ ትከሻ ነው።
አዘጋጁ ምስሉን አይቶ፣ «ምን ነካህ? ይሄ አይሆንም፣ ጣለው» አለ።
ተጣለ።

በማግሥቱ አመዱ ሳይበርድ ሰዎች መጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣
ከዚያ ሰልፍ ሆኑ፣ ከፖስታ ቤቱ ጥግ እስከ ደፉ፣ ደፍ ከነበረበት።
መዝገቡ ነዷል። ቢቀሩም የሚያውቅባቸው አልነበር።
የደቻሳ ልጅ ግን መጣ፤ «ያባቴ ላምባ» ብሎ፣ በመዳፉ መቶ ብር።
ሽማግሌው ጆንያ ላይ ተቀምጠው «አላስታውስም» ይላሉ፤
ሰዎቹ «እኛ እናስታውሳለን» እያሉ ይቆጥራሉ።

ካሜራዬን አነሳሁ፤ እንዲህ ያለ ዜና ተገኝቶ!
መዳፏ መጣ። ሌንሱ ጠቆረ፣ ዓለም ሁሉ ተዘግቶ።
«አጥፋው፣» አለች።
«መዝገብ የሚነበበው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ባባቷ ጆሮ፣
የመጣውን ሁሉ በስም በስሙ ትነግራቸው ጀመር።
እኔም ካሜራዬን አስቀምጬ ተሰለፍኩ።
አራት የባትሪ ድንጋይ ነበረብኝ።