የጎደለች ጭረት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ የእኛ ሰዎች፤
ያን የካናዳ ተራራ ግን
መልአክ አልቀረበውም። የሰየመው ቀያሽ ነው፤
ከመርከብ ሳይወርድ፣ በመነጽር አይቶ፣
እርሳሱን ቀርጾ፣ ጣቱን በትንፋሽ አሙቶ፣
«የአድሚራል ሃርግሪቭ ተራራ» ብሎ ጻፈ።
አድሚራሉ ያን በረዶ በእግሩ አልረገጠ፤
ሎንዶን፣ ምድጃ ዳር፣ ሪሁን እያሸ ተቀመጠ፤
ተራራ እንዳለው ሳይሰማ አንድ ሌሊት አረፈ።

ከግርጌው የሚኖሩት ግን ድሮም ይጠሩታል።
በእኛ አፍ ቢፈታ፣ «ቁም፣ ስማ» ማለት ይሆናል።
ውዳሴ አይደለም፣ ምክር ነው፦
መጋቢት ላይ በረዶው ከገደሉ ሲላቀቅ
አስቀድሞ ይተነፍሳል፣ እንደ ሰው ሲጨነቅ።
ያን ትንፋሽ የሰማ ወንዙን ይሻገራል፤
ያልሰማ እዚያው ይቀራል።

ሐዲድ ዘርጊዎች መጥተው ድንኳን ተከሉ ከሥሩ፤
ካርታቸው አድሚራል እንጂ ምክር አልነበረው።
ዐሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ከነአካፋው፣ ከነብርድ ልብሱ።
ሪሃም ሽማግሌ ምን ብሎ ያስጠንቅቅ?

ቬልማ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣
የመኝታዋ መስኮት ከተራራው ፊት ለፊት።
ጣቷን ቀስራ ጠራችው፣ እናቷ እንደምትጠራው።
ሳሙና አጎረሷት።
ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ቀና ብላ ባየችው ቁጥር፣
ምላሷ ላይ አረፋ።

ማክሰኞ ዕለት፣ በካፊያ፣
የመንገዶች መሥሪያ ቤት መኪና መጣ።
ሚኒስትር የለ፣ ሪባን የለ፣
አንድ ሾፌር ብቻ፣ መሰላልና አራት ብሎን ይዞ።
«ሃሪ እባላለሁ» አለ።
ቬልማ ጥምጥሙን አየች፣ ጢሙን አየች፦
«እናትህስ ማን ትልሃለች?»
«...ሃርጂት።»
«ሃርጂት» አለች፣ ቀስ ብላ፣
እንደ ለውዝ በጥርሷ ፈልፍላ።

አዲሱ ሰሌዳ ተሰቀለ።
ፊደሉ ሁሉ አለ፤ አንዲት ጭረት የለችም።
ያቺ ጉሮሮን ዘግታ የምትፈነዳዋ ድምፅ፣
የእኛዎቹ «ቀ» እና «ጠ» እኅታችን የሚሏት፣
የእንግሊዝ ፊደል ግን ጎጆ ያልቀለሰላት፣
በጭረት ብቻ የምትጠለል፣
ኮምፒዩተሩ ገፍቷት ይሆናል፣ ወይ የምሳ ሰዓት ደርሶ።
ያለ እሷ ሲነበብ ስሙ «ቁም፣ ስማ» አይልም፤
«ቁም፣ ብላ» ይላል።

ልጆቹ ፈነዱ፦ «የምግብ ቤት ማስታወቂያ!»
ቬልማ ዝም አለች፤
ከዚያ እሷም ሳቀች፣ እስክታስል፣ እንባዋ እስኪመጣ።
ከእንባው የትኛው የሳቅ እንደሆነ ማንም አልጠየቃት።
ሃርጂት አንገቱን ደፋ፦
«ቅጽ ይሞላል። ስምንት ወር ይፈጃል።»
የልጅ ልጇ ሬቫ ቦርሳዋን በረበረች፣
ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች።
ሃርጂት መሰላሉን ያዘ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ፦
«እኔ ምንም አላየሁም።»
የሰማንያ አንድ ዓመት ጉልበት ሦስት ደረጃ ወጣ፤
ጭረቷ ቦታዋን አገኘች፣ ጥቂት ፈሰሰች፣
ቀይ ሆና።
«በሉ፣ አንብቡ።»

አሮጌውን ሰሌዳ የቬልማ ወንድም ጠይቆ ወሰደ።
ዛሬ አድሚራሉ የዓሣ ማጨሻው ጎጆ በር ነው፤
ቢያንስ ሥራ አገኘ።

እኔም ይህን ስጽፍ አየሁ፣ በገዛ ፊደሌ፣
«ስም» እና «ስማ»ን የሚለያቸው
የአንዲት ጭረት ቦታ ነው።

ማታ ሃርጂት ሲመለስ፣ ከመታጠፊያው ላይ፣
የመኪናው መብራት ቀዩዋን ጭረት አገኛት።
ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ።
መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ካፊያው ገባ።
ቆመ።
ሰማ።