ዜሮ ለሦስት

እኔ ገማች ነኝ፤ እንጀራዬ ዋጋ ማውጣት፣
ሐዘን የተቀመጡበት ቤት ገብቶ፣ ቆጥሮ መውጣት፤
ስንት አልጋ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ቋሚ፣ ስንት ማገር፤
ሰው መመዘን አይፈቀድም፤ አለዚያማ ሌላ ነገር።

ደሴ ላይ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጦሳ ጭጋጉን ሲያወርድ፣
ጠሩኝ አንድ ጠዋት፤
ሦስት ልጅ፣ አንድ መኪና፤ አስልቼ ልፈርድ።

የሙህዬ ጋራዥ። በሩ የተጣፈ በላሜራ፣
ወለሉ ግሪስ የጠጣ አፈር፣ መፍቻ የተሰቀለ በተራ፤
የተሰፋ ጆንያ ለብሳ ቆማለች አንዲት መኪና፤
ጦይባ ጫፉን ያዘችና
ገፈፈችው።
ፊያት ባሊላ።
የዘጠና ዓመት ባልቴት፣ ቀለሟ እንደ ሐይቅ ውሃ ጥላ፤
ሁለት መብራቷ ፈጦ፣ ጎኗ ላይ ጎማ አዝላ፣
ያልተጋበዘ እንግዳ እንዳየች ባለቤት ችላ ብላ።

ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት፣ ሐይቅ ዳር አንድ ጓሮ
ዶሮ ሰፍሮባት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ።
ሙህዬ በአንድ ሙክት ገዛት፤ ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣
«ሙክቱን እንኳ እበላዋለሁ፤ አንተ ብረት ልትበላ?»
ብሎ ጠየቀ።
ከሞተሩ ሥር መጀመሪያ ያገኘው ዕቃ እንቁላል፤
ተመልሶ ሰጠው ለሻጩ፣ «የሰው ሐቅ ያንቃል» ብሏል።

ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት።
የበሰበሰ የበሯን አጥንት በዋንዛ ጠርቦ ለወጠ፤
የባቲ ፍየል ቆዳ አልፍቶ መቀመጫዋን ለበጠ፤
ከመዳብ ትሪ ጓርኒሲዮን በመቀስ ቆረጠ።
ትሪውን የያዘች ጦይባ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ፤
«መቀሱ የሳተው ይኸው» አለች፤ ጠባሳ አለ ከጣቷ።

ከግራ ፓራፋንጎዋ ላይ አንድ ስርጉድ አየሁና
«ይኼስ እንዴት አልተቃና?»
«አባቴ እምቢ አለ። ‹ይኼ እኔ ሳልኖር ያገኛት ነው፤
የኔ አይደለም ላቃና።›»

ሸጋው ከኮምቦልቻ ወጣ፣ ይመር ከሚሌ መንገድ፤
ክፉ አይደሉም፤ ዕዳ አለባቸው፤ ከስሮባቸዋል ንግድ።
አንዱ «ለሀብታም ትሸጥ»፣ አንዱ «ትፈታና በኪሎ»፤
ጦይባ ዝም። ማኖቬላው እጇ ላይ ተንጠልጥሎ።

ጎንበስ ብላ አንዴ አዞረች። ሁለቴ። ባሊላ በሦስተኛው ሳለች፣
እንደ ልብስ ሰፊ ሲንጀር ቀስ ብላ መስፋት ጀመረች።
ወንድማማቾቹ መሬት አዩ። ሐረጎን ቁልቁል የወረዱ ለት፣
አባት ፍሬኑን በዱዓ፣ እነሱ ሆዳቸውን በሳቅ የያዙበት
ትዝ ብሏቸው ይሆናል። አልጠየቅሁም፤
ፎርሙ ላይ ቦታ የለም ለዚህ ዓይነት።

ፎርሙ እንዲህ ይላል፦ የተሠራበት ዘመን፣ ሻንሲ ቁጥር፣
በየዓመቱ ከመቶ አሥር ይቀነስ፤ ከዚያ የተረፈው ይቆጠር።
ቀነስኩ። ቀነስኩ። በአሥረኛው ዓመት አለቀች፤
የቀረውን ሰማንያ ዓመት
በነፃ ቆማ ትሰፋለች።

እውነት ለመናገር፣ በደንቡ ሌላ አንቀጽ አለ፤
«ብርቅ ዕቃ ሲሆን ባለሙያ ይጠራ» የሚል፣
ከኋላው ብዙ ዜሮ ያንጠለጠለ።
እስክሪብቶዬ እዚያ ሲደርስ፣ እንጃ፣ ዘለለ።

ጻፍሁ፦ «ዋጋ፣ ዜሮ»። ፈረምሁ። ማኅተም መታሁ።
«ዜሮ ለሦስት ሲካፈል…» ብዬ ጮክ ብዬ ቆጠርሁ።
ሸጋው እጁን አራገፈ፤ ይመር «የኔንም እሷ ትውሰደው»፤
ጦይባ ወረቀቱን ተቀብላ፣
ዜሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ስወጣ ክላክስ ሰማሁ፣ ጉንፋን የያዘው ዳክዬ።
«ይግቡ ላድርስዎት» አለች ጦይባ መስኮቱን አውርዳ፤
«ጉቦ ይሆናል እህቴ፤ በኋላ ያመጣል ፍዳ።»
በእግሬ ሄድሁ። ብቻ ዳገት ላይ ባሊላ ቶሎ አትልም፤
እስከ ፒያሳ ጎን ለጎን ነበርን፤
እኔም ቀድሜ አላለፍሁም።