አምስት ለስድስት

አምስት ነው ብድሩ፣ ስድስት ነው ክፍያው፤
በፓናይ ዳርቻ እንደዚህ ነው ገበያው።
አውሎ ነፋስ መጥቶ ጀልባችንን ሲሰብር፣
የአኒሴቶ ሞተር አሸዋ ውስጥ ሲቀበር፣
ሰቨሪኖ መጣ በሞተር ብስክሌቱ፣
ዶፍ ያልነካው ቀይ ደብተር ይዞ በብብቱ።
“አይዞሽ ዲዮኒስያ፣ ጎረቤት አይደለን?”
አለና ቆጠረ፤ እኛም ተቀበልን።
ያን ቀን እንደ መልአክ አየሁት፤ አልዋሽም፤
ጥፍሩን ግን አላየሁ፣ ማየትም አልሻም።

በየቀኑ መጣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤
ልጄ ሉዝቪሚንዳ አወቀች መደበቅ።
“እናቴ ቤት የለችም” በዪ ብዬ አስተማርኳት፤
በሰባት ዓመቷ ውሸት አጎረስኳት።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ያችው ልጅ ከጎኔ
“ይቅር በለን” ስትል ተከለች ዓይኗን በዓይኔ።
ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር ኪሴን ደባበስኩ፤
ለእግዜር ያሰብኩትን ለሰቨሪኖ አስቀመጥኩ።
ከዚያ ሎተሪ ገዛሁ፤ “ጌታ ሆይ፣ አንድ ቁጥር ስጠኝ፣
ከመቶ ሺህ ዕጣ አንዲቱ ትምረጠኝ።”

ዝም አለ።
አሁን ሳስበው በዝምታው ውስጥ አንድ ነገር አለ፤
ያን ጊዜ ግን ተቀየምኩት፤ ልቤ ከእርሱ ጎደለ።

ፊሎሜና የምትባል አሮጊት፣ የጸሎት ቤቱን ወለል የምትጠርግ፣
ባንድ ዓይኗ የምታይ፣ ነገር የማትሸሽግ፣
“ወረቀት አምጪ” አለችኝ፣ “ይህን ዕዳሽን ልየው፤
እስኪ አንቺ በምታውቂው ድምሩ ስንት ነው?”
አላውቅም ነበር።
ሁለት ዓመት ስከፍል፣ አላውቅም ነበር!
የፈሩትን አውሬ ማን ጥርሱን ይቆጥራል?
ከቁጥር የሸሸ በቁጥር ይታሠራል።

ጻፍነው በእርሳስ፤ አርባ አንድ ሺህ ፔሶ፤
አኒሴቶ ሲሰማ ከቤት ወጣ አልቅሶ።
ወርቅ አልወረደም፤ ባሕሩም አልተከፈለ፤
ፊሎሜና ብቻ አለች፦ “ጓዳሽ ምን አለ?”
ጨው አለ፣ ወንፊት አለ፣ የቀርከሃ አልጋ፤
ፀሐይም አለች በነጻ፣ ማንም የማይጠይቅባት ዋጋ።

አሰጣነው ትንንሹን ዓሣ፣ ገበያተኛ የናቀውን፤
ማዕበል የገራ ክንድ ዝንብ አባረረ ቀኑን።
ቴሌቪዥኑ ተሸጠ፤ ሉዝቪ አኮረፈች ሦስት ቀን፤
በልደቷ በኬክ ፈንታ በሙዝ ቅጠል ሩዝ ጠቀለልን።
ክርስትና ያን ሰሞን ቋንጣ ቋንጣ ይሸታል፤
እጄን ለጸሎት ሳነሣ ዝንብ ይከተለኛል።

አንድ ማታ ሞተሩ ሲያጓራ፣ በሩን ራሴ ከፈትኩ፤
“ሁሉን አልችልም፤ ይህን ግን በየሳምንቱ” አልኩ።
ተቆጣ። ደብተሩን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፤
ፊሎሜና ከኋላዬ ቆማለች፣ መጥረጊያዋ እንደ አለንጋ።
“ይሁን” አለ በመጨረሻ፣ ምራቁን ዋጠ፤
“ወለዱ እዚህ ይቁም።” ፈረመ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

ሠላሳ አንድ ወር።

የመጨረሻዋን ፔሶ የቆጠርኩለት ዕለት ዝናብ ነበር፤
ስሜን በቀይ ሰረዘ፤ ቆመ ከበር።
አልሄደም።
“እኔም” አለ “በከተማ አለኝ አበዳሪ፤
ማታ በሬን ስዘጋ ነኝ እንዳንቺ ፈሪ።”

ጌታ ሆይ፣ ያን ሰዓት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤
ይኸው ወጥመዱ ዞሮ አጥማጁን ሲያሥር!
ደስ አላለኝም።
ሉዝቪ ወንበር ጎተተች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት፤
“ግባ” አለችው፤ “ዝናብ ነው። እናቴ ቤት ናት።”

ሩዝና ቋንጣ በላን፣ ኮምጣጤ ተጨምሮ፤
ደብተሩ ከወንበር ሥር አበጠ፣ ውኃ ሰክሮ።
ሲወጣ “ነገ አልመጣም” አለ፣ እየተደናገረ እግሩ፤
“ና እንጂ” አልኩት፤ “የዚህኛው ዕዳ ገና ነው መጀመሩ።”